ከግድግዳችን ጀርባ ያለው ዳቦ ቤት

ከሃፊዝ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ልብስ ማስገባት ነበር። ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ የተቃጠለ ጎማ ሽታ በግድግዳው ላይ ተሻግሮ ወደ ግቢያችን ሲገባ፣ ሁለታችንም ተነሥተን፣ እኔ ከገመዱ እያወረድኩ እሱ እየተቀበለኝ፣ አንሶላውን በሁለት ጫፍ ይዘን አጠፍነው። የትራሱን ልብስ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተና «ዛሬም አው ቢላል ከእኛ ጋር ሊያድሩ ነው» አለ። አው ቢላል ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዳቦ ቤቱን የያዘው ልጃቸው ነው። እኔ ሳቅሁ፣ እሱም ሊስቅ ጀምሮ ሳል አቋረጠው። በዚያው ሳምንት የባሌን የሃፊዝን ጀናዛ በዚያው የግቢ በር አወጡት።

ሽታው ዛሬም ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። ሲመጣ የሚታየኝ ግን ጢሙ የሸበተው ባሌ ሳይሆን፣ ደርግ በወደቀ ሰሞን በዚሁ ግቢ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ ትከሻውን እያነሣና እየጣለ አየር የሚፈልገው ልጅ ነው።

በግንብ በታጠረው ጀጎል ውስጥ ሁለት ቤት በአንድ ግቢ መኖር የተለመደ ነው። በቀኝ በኩል እኛ፣ በግራ በኩል ሃፊዝና እናቱ አይ ፋጡማ እንኖር ነበር። አባቱ ለንግድ ወደ ጅቡቲ ሄዶ በዚያው ቀርቷል። ከኋላችን፣ የሁለታችንን ቤት በሚያዋስነው ግድግዳ ማዶ የአው ቢላል ዳቦ ቤት ነበር። ምድጃው የሚነደው በእንጨትና ሰዎች ቅጠሉን ቅመው በጣሉት የጫት እንጨት ነበር፤ እሳቱን የሚያስነሡት ግን ከጎማ ጫማ ሠሪዎች በሚሰበስቡት የጎማ ቁርጥራጭ ነው። ጎማው ሲለኮስ ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ይወጣና፣ ነፋስ ከሌለ የሚሄድበት አጥቶ ግቢያችን ውስጥ ይቀመጥ ነበር።

በጋው ለሃፊዝ ክፉ ነበር። ደረቱ ሲዘጋ የሚያወጣው ድምፅ፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ በጠዋት ብርድ አልነሣ ብለው የሚያጓሩትን አሮጌ ፔጆ ታክሲዎች ይመስላል ብለው የሰፈሩ ልጆች «ፔጆ» አሉት። መተንፈስ ሲያቅተው ከኋላው ተሰልፈው «ፔጆ አልነሣ አለ፣ ግፉት» እያሉ ጀርባውን ይገፉት ነበር። ትንፋሽ ሲያገኝ ዞር ብሎ «ሞልቷል፣ በእግራችሁ ሂዱ» ይላቸዋል። ከዚያ ሁሉም ይስቃል፣ እሱም ከሳቀ በኋላ እንደገና ይታፈናል።

ትልልቆቹ ደግሞ «ብርድ ነው» ብለው ደመደሙ። ብርድ ነው ብለውም በሩን ዘግተው፣ ሙሽራ የምትቀመጥባት ኪርታት የምንላት መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብተው፣ በጋቢ ጠቅልለው፣ እግሩ ሥር ፍም አኑረው ከበርቾ ያጨሱለት ነበር። ፍሙን የምታቀብለው እናቴ ነበረች። በጭስ የታመመውን ልጅ በጭስ ያክሙት ነበር፤ ከፍቶት ሲወጣም «ብርዱ እየለቀቀው ነው» ይሉ ነበር።

እኔና እሱ ልብስ ማስገባት የተማርነው በዚያ በጋ ነው። የጎማው ሽታ ሲመጣ ከሁሉም በፊት የሚያውቀው እሱ ስለነበር «ሰሚራ፣ መጣ» ይለኝና፣ የሁለታችንም እናቶች ያጠቡት ሳይጠቁር ከገመዱ እየጎተትን ወደ ቤት እንሮጥ ነበር። ልብሱን እናድነው ነበር።

የበልጉ ዝናብ ጥቂት ቀን ፋታ ሰጥቶት ነበር። ዝናቡ በቆመ ሰሞን ግን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ምድጃው ሲለኮስ ደረስን፤ ሃፊዝ ደረጃውን ሳይጨርስ ተቀመጠ፣ ከንፈሩም አመድ መሰለ። አይ ፋጡማ በጀርባቸው አዝለውት፣ እኔን ጫማውን አስይዘው፣ ከግንቡ ውጭ ወዳለው ክሊኒክ ሮጡ። ሐኪሙ መርፌ ወግቶት ትንፋሹ መለስ ሲል፣ ደረቱን አዳመጠና «ቤታችሁ ውስጥ ምን ይጨሳል?» አላቸው።

«ከበርቾ።»

«ሌላስ?»

አይ ፋጡማ ስለ ጎማው ነገሩት።

«ብርድ አይደለም እኮ» አለ። «የመተንፈሻ ቧንቧው ጭስ በነካው ቁጥር ይጠብበታል። ወይ ልጁን ከጭሱ አርቂ፣ ወይ ጭሱን ከልጁ አርቂ። እንዲህ ከቀጠለ ሲያድግም አይለቀውም።»

በማግሥቱ አይ ፋጡማ ብቻቸውን ወደ ወንዶች የሥራ ቦታ እንዳይገቡ እኔን በእጄ ይዘው ዳቦ ቤቱ ሄዱ። አው ቢላል እስከ ክንዳቸው ዱቄት ለብሰው ቆመው ነበር።

«አው ቢላል፣ ጎማውን ብቻ ይተዉልኝ። እንጨቱን ይተዉ አልኩዎት?»

«ጎማ ካልነካው እርጥብ እንጨት መቼ ይያያዛል፣ ልጄ?»

«ደረቅ ይግዙ።»

«አንቺ ትገዢልኛለሽ?» ሠራተኞቹ ሳቁ።

«ልጄ እየታፈነ ነው።»

«እኔ እዚህ እሳት አፍ ላይ ቆሜ ነው ያረጀሁት። ስስል ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ? የልጅሽን ደረት አላህ እንዲያ አድርጎ ፈጠረው፣ እኔ ምን ላድርግ? ዳቦው ሲሸትሽ ማሻአላህ ትያለሽ፣ ጭሱ ሲሸትሽ ታለቅሻለሽ። ሁለቱም የሚወጣው ከአንድ ምድጃ ነው።»

ይህን ብለው ትኩስ ዳቦ በጋዜጣ ጠቀለሉና እጄ ላይ አኖሩልኝ። አይ ፋጡማ ዳቦውን ከእጄ ወስደው መልሰው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። ሳቁ ቆመ።

እኛ ጋ ዳቦ አይመለስም። አው ቢላል በረመዳን ለሰፈሩ ቤት ሁሉ በመሶብ ይልኩ ነበር፣ ሰርግና ለቅሶ ሲሆንም ይልኩ ነበር፣ የመለሰባቸውም ሰው አልነበረም። ስለዚህ አው ቢላል ለሰፈሩ አፎቻ አቤት አሉ፣ አፎቻውም ለችግርና ለደስታ የሚሰበሰበው የጎረቤት ማኅበር ነውና፣ ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት መደብ ላይ ተቀመጡ። አባቴም አብሯቸው ተቀመጠ። የተሰበሰቡት ስለ ጭሱ አልነበረም፣ ስለተመለሰው ዳቦ ነበር። አው ቢላል ለስብሰባውም ዳቦ ይዘው መጥተው ነበር፤ ሽማግሌዎቹም እየቆረሱ እየበሉ መከሩ።

አይ ፋጡማ በሩ አጠገብ ቆመው «ሐኪሙ ያለውን ልንገራችሁ?» አሉ።

«ሐኪሙ የሰፈሩ ሰው አይደለም» አላቸው አባቴ። «ምድጃው እኔም አንቺም ሳንወለድ የነበረ ነው። ልጁ አየር ይቀይር፣ አንቺም ይቅርታ ጠይቂ።»

ይቅርታ ጠየቁ። ከመሶቡ ቆርሰው እንዲበሉም አደረጓቸው። ሲጎርሱ አይቻለሁ፣ ሲውጡ ግን አላየሁም።

ክረምቱን ሃፊዝ ኤረር ገጠር፣ ገበሬ ወዳገቡት አክስቱ ዘንድ ተላከ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ተመልሶ መጣ፤ ፊቱ ሞልቶ፣ ኪሱ ሁሉ ዘይቱን ሆኖ፣ ከግንቡ መግቢያ ከሸዋ በር እስከ ቤታችን ድረስ እየሮጠ ቀደመኝ። ደረጃው ላይ ደርሼ ደረቱን አዳመጥኩት። ዝም ብሎ ነበር። አይ ፋጡማ አልሃምዱሊላህ እያሉ ራሱን ይደባብሱት ነበር።

ያ ሳምንት ሳያልቅ ፔጆው ተመለሰ። ያን ጊዜ እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ቢሆንም ኤረር ጎማ እንደማይነድ አውቅ ነበር። ጎረቤቶቻችን ግን ይህን ሁሉ በዓይናቸው አይተው «አምሮበት ሲመለስ ቡዳ በላው» አሉ። እናቴ ፍሙን አቀበለች፣ ከበርቾው ጨሰ፣ የኪርታቷ በር ተዘጋ። ዞር ብሎ ወደ ግድግዳው ያየ አንድም ትልቅ ሰው አልነበረም። ለዚህ ነገር እስከ ዛሬ ይቅርታ አላደረግሁላቸውም፤ አብዛኞቹ ሞተዋል፣ ለሞቱትም አላደረግሁም።

ከዚያ በኋላ በጋ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ነበር። ኤረር ትምህርት ቤት ሩቅ ስለነበር ክረምት ክረምት ብቻ እየሄደ አደገ። ስንጋባ እኔ «ከግንቡ ውጭ ቤት እንከራይ» ስለው «እናቴ የቆየችበትን ቤት ለጎማ ልልቀቅ?» አለኝ። አይ ፋጡማ እስኪሞቱ አልለቀቁም፣ እሱም አለቀቀም።

አሁን የፔጆዎቹ ቦታ በባጃጅ ተይዟል፣ ልጆችም በዚያ ስም አይሳደቡም። የሳንባ ነገር በሬዲዮ ይወራል፤ ማዶ ያለችው የጎረቤቴ ልጅ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ከደብተሮቿ ጋር በቦርሳዋ ይዛ ትሄዳለች፣ ሃፊዝ በዕድሜዋ ሳለ እንዲህ ያለ ነገር አላየም። የአው ቢላል ልጅ የጭስ ማውጫውን አስረዝሞታል፤ ጭሱ ከእሱ ጣሪያ ይርቅና በእኛ ላይ ይወርዳል። ዛሬም የሚያስነሣው በጎማ ነው።

ሊያጽናኑኝ ለተዕዚያ የመጡት ሁሉ «ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ፣ ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው» አሉኝ። ቀደር መሆኑን አልክድም። ጎማውን ምድጃ ውስጥ የሚከተው ግን የሰው እጅ ነው። ሰው እያጽናናኝ ሳለ ከዳቦ ቤቱ መሶብ ተላከ፤ ክዳኑን ሳልከፍት መለስኩት። በረመዳንም ተላከ፣ በረመዳንም መለስኩት። የአፎቻችን ሴቶች መጥተው «ዳቦ አይመለስም እኮ፣ ሰሚራ» ሲሉኝ «አይ ፋጡማ መልሰውታል» አልኳቸው።

ሽታው ሲመጣ ልብሱን ብቻዬን አስገባለሁ። ዳቦ የምገዛው ሸዋ በር ድረስ ሄጄ ነው።