ነገ ከኋላ ነው

በዚያ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ትምህርት በየዓመቱ ከአንዲት እስክሪብቶ ይጀምር ነበር። የሁለተኛው ክፍል መምህር የአንደኛውን፣ የሦስተኛው የሁለተኛውን ስለማያምን፣ እያንዳንዱ አዲስ ክፍል በተረከበ ቁጥር እስክሪብቶውን ከኪሱ ያወጣና «ዚስ ኢዝ ኤ ፔን» ብሎ ከሀ ይጀምራል። ልጆቹ ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ከእስክሪብቶዋ ጋር ዝምድና ፈጥረዋል፤ አንድ የራሳቸውን አንቀጽ ግን ጽፈውባት አያውቁም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ ሁሉም ጣቱን ወደ ታችኛው ክፍል ይቀስራል። የአንደኛ ክፍሉ መምህር ብቻ ከበታቹ ሰው ስለሚያጣ ወደ ወላጆች ይቀስራል።

ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ የተነሳችው ጠመኔ ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ የምትረሳ፣ ቀጠን ያለች መምህርት ነበረች። አንድ ጠዋት በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ደጃፍ ቆመች።

«ጋሼ፣ አንድ ክፍል ይስጡኝ።»

«ያለሽ አልበቃ ብሎሽ ነው?»

«እሱን ማለቴ አይደለም። አንደኛ ክፍልን ልያዝና ከልጆቹ ጋር እስከ ስምንተኛ ልውጣ። ያኔ ጥፋት ቢኖር የማን እንደሆነ ይታወቃል።»

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ተመለከቷት። «በስተርጅና ከአንደኛ ክፍል ልትጀምሪ?»

«ሠላሳ አልሞላኝም እኮ፣ ጋሼ!»

«ስምንተኛ ስትደርሺ ይሞላሻል። በይ እሺ። ነገር ግን ስምንተኛ ላይ የሚፈትናቸው ባዳ ነው። እነሱ ከወደቁ አንቺም ወደቅሽ፤ ይህ ሐሳብም ሁለተኛ እዚህ ቢሮ ውስጥ አይነሳም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራ ባልደረቦቿ «መሰላል» የሚል ቅጽል አወጡላት። ቅጽሉ ለማሾፍ የተሰጠ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለችው።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ይዛው የመጣችው አንድ እምነት ነበራት፦ ቋንቋ ከአፍ በፊት በእጅ ይገባል። ስለዚህ አንደኛ ክፍልን በእጅ ጀመረች። አሁን የሚሆነው ነገር መዳፍ ደረት ላይ ነው። ያለፈው እጅን በትከሻ ላይ ወደ ኋላ መወርወር፣ የሚመጣው ደግሞ ወደ ፊት መዘርጋት ነው። እንዲህ ተምራ ነበር፤ እንዲሁም አስተማረች። ልጆቹ ግን ትናንት ባለች ቁጥር ወደ ፊት፣ ነገ ባለች ቁጥር ወደ ኋላ ያመለክታሉ። አረመቻቸው። ደገሙት። «ወደ ኋላ እኮ ነው ያልኩት!» ብትል፣ በአንድነት ዞር ብለው የኋላውን ግድግዳ አዩ።

ከፊት ረድፍ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማት ስለሌለ ጓደኞቿ «ሹክሹክታ» ይሏታል። እሷ የመምህርቷን ቀሚስ ጫፍ ሳብ አደረገች።

«ቲቸር…»

«ወዬ፣ የኔ ልጅ?»

«ትናንትን እኮ አይተነዋል። ፊት ለፊታችን ነው።»

«ነገስ?»

«ነገማ አይታይም።» ትንሿ እጅ በትከሻዋ ላይ አልፋ ጀርባዋን ነካች። «ከኋላ ነው ተደብቆ የሚመጣው።»

መምህርቷ ዕድሜዋን ሙሉ ላለፈው «በፊት»፣ ለሚመጣው «በኋላ» ስትል ኖራለች፤ አንድም ቀን የምትለውን አልሰማችውም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን በትከሻዋ ላይ ወርውራ በእንግሊዝኛ «ነገ» አለች። ክፍሉ በሙሉ ተከተላት። የተማረችውን የሻረችው ለስድስት ዓመት ልጅ ነው ብሎ የሚስቅ ቢኖር ይሳቅ፤ ከዚያ ሳምንት በኋላ ጊዜን የሚያምታታ ልጅ በክፍሏ አልተገኘም።

እንዲህ እየተባባሉ ወጡ። ሦስተኛ ክፍል ላይ ቃላቱን ካርቶን ላይ ጽፋ፣ ገመድ ወጥራ፣ በልብስ መቆንጠጫ እያሰቀለች ዓረፍተ ነገር አሠራቻቸው፤ የተሳሳተው ቃል እንደ እርጥብ ካልሲ ወርዶ በቦታው ይሰቀላል። ስድስተኛ ላይ እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ ውስጥ የሚሠራ አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ጻፈ፤ የጎሚስታው ልጅ ጎማ እንዴት እንደሚለጠፍ የጻፈው አንቀጽ መምህራን ማረፊያ ድረስ ተነበበ። ሰባተኛ ላይ መከራከር ተማሩ፤ ወላጆችም ልጆቻችን በሁለት ቋንቋ እምቢ ማለት ጀመሩ ብለው አቤት አሉ።

እጅ ግን ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ሊቀር ይገባው ነበር። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት እያዩ ብዙ ጊዜ አስጠንቅቀዋታል።

«አንቺ ልጅ፣ እነዚህ ጢም ሊያበቅሉ ነው፤ አሁንም ትከሻቸውን ይነካሉ?»

«ሲጨንቃቸው ብቻ ነው፣ ጋሼ። ይተዉታል።»

ልታስተዋቸው ግን አልጨከነችም። የደነገጠ ልጅ እጁን በትከሻው ላይ ልኮ ቃሉን ይዞ ሲመለስ ታያለች፤ አይታም እንዳላየች ታልፋለች።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ደንቡ መምህር የራሱን ክፍል እንዳይፈትን ስለሚከለክል፣ እሷ መምህራን ማረፊያ ውስጥ የቀዘቀዘ ሻይ ይዛ ተቀመጠች። ወደ ክፍሉ የገባችው ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣች፣ ጫማዋ የማይሰማ፣ ዓይኗ የማይሳሳት ፈታኝ ነበረች። ልጆቹ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሱ፤ ወደፊት ሊሆን ስላለ ነገር ጻፉ የሚል ነበር። ጨነቃቸው። ሹክሹክታ እጇን በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ ላከች። ከኋላዋ የተቀመጠው እንዲሁ አደረገ፤ ከእሱም ኋላ ያለው። ረድፉ ጡብ እንደሚቀባበሉ ግንበኞች ሆነ።

ፈታኟ ያየችውን አየች። ወረቀቶቹን ለብቻ አሸገች፤ በላያቸውም «በምልክት ተቀባብለዋል» ብላ ጻፈች። ትምህርት ቤቱ በማግስቱ ጠዋት፣ መኪናው ወረቀት ሊወስድ ከመምጣቱ በፊት፣ በቂ ማስረጃ ካላቀረበ የክፍሉ እንግሊዝኛ ሙሉ በሙሉ ይሰረዛል።

መምህርቷ ቤት ስትገባ፣ አብራት የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቷ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ቀና አለች።

«ምነው? ትከሻሽ ላይ ዝንብ አለ እንዴ?»

መምህርቷ እጇን ከትከሻዋ ላይ አወረደች። «እታለም፣ ነገ ምን ልበላቸው? ብምል አያምኑኝም። ልጆቹን ለጉድ የዳረግኳቸው እኔው ነኝ። ተዉ ማለት ሲገባኝ አሳዘኑኝ።»

«ማዘንሽ እንኳ ደግ ነው።» እህቷ ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። «እኔ ደንበኛ ‹ልክ አይደለም› ሲለኝ ከጨርቁ ጋር አልሟገትም። አስለብሰዋለሁ፤ መስታወት ፊት አቆመዋለሁ። በይ ነይ ብዪ፤ በባዶ ሆድ የተሟገተ ቶሎ ያለቅሳል።»

ጠዋት በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሦስቱ ተፋጠጡ። መምህርቷ የእጁን ነገር ከአንደኛ ክፍል ጀምራ አስረዳች፤ ጥፋቱንም በራሷ ላይ አደረገች። ፈታኟ በጥሞና ሰማቻት።

«እህቴ፣ ውሸታም አላልኩሽም። እኔም አስተማሪ ነኝ። ግን ያየሁትን እንዴት አላየሁም ልበል?»

«አላየሁም እንድትዪ አልለምንሽም። የፈለግሽውን ልጅ ጥሪ። ለብቻው፣ ማንም ከኋላው ሳይኖር። ጠይቂውና እይ።»

ፈታኟ አሰበች። «እንግዲያው ያቺን፣ የጀመረችውን።»

ሹክሹክታ ከእንግዳ ሰው ጋር በራሷ ቋንቋ እንኳ አትናገርም።

ልጅቷ መጣች። ፈታኟ ወንበሩን ከግድግዳው ጋር አስጠግታ፣ ጀርባዋን ወደ ግድግዳ አድርጋ አስቀመጠቻት፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ነገ ምን እንደምታደርግ ጠየቀቻት። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ አስበው ተዉት። መምህርቷ እጇ ሳታዝዘው ወደ ትከሻዋ እንዳይሄድ ፈርታ በሁለቱም እጆቿ ላይ ተቀመጠች። የልጅቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልነበረም።

ቀስ ብሎ ቀኝ እጇ ተነሳ። በትከሻዋ ላይ አለፈና ግድግዳውን ኳ አደረገው። ከዚያ ቃሉ መጣ፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩ ጆሯቸውን ሳያቀኑ እስኪሰሙ ድረስ። ነገ ከእናቴ ጋር ሄጄ ጸጉሬን እሠራለሁ፤ አለች። ፈተናው ካልተሰረዘ እየሳቅሁ እሠራለሁ። ከተሰረዘም እሠራለሁ፤ ቀጠሮ ይዘናልና። ግን እያለቀስኩ ጭንቅላቴን ስለማነቃንቅ ሹሩባው ይጣመማል።

አንድም ቃል አልተጣመመባትም።

ፈታኟ ከኋላዋ ተቀምጦ የነበረውን የጎሚስታውን ልጅ ለብቻው አስጠራች፤ እሱም ስለ ነገ ሲጠየቅ ግድግዳውን ኳ አደረገ፤ ደንግጦም ግድግዳውን ይቅርታ ጠየቀ። ያኔ ርዕሰ መምህሩ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

«ግን ለምን ወደ ኋላ?» አለች ፈታኟ፣ አሁን በሰው ድምፅ። «እኛ እኮ የሚመጣው ከፊት ነው ተብለን ነው የተማርነው።»

መምህርቷ ልትመልስ ስትል ሹክሹክታ ቀደመቻት።

«እርስዎ ነገን አይተውት ያውቃሉ?»

ፈታኟ እስክሪብቶዋን አውጥታ በእሽጉ ላይ የጻፈችውን ሰረዘችና ከጎኑ ፈረመች። መኪናው ጥሩምባውን ሲነፋ ወረቀቶቹ ከሌሎቹ ጋር አብረው ወጡ። ፈታኟ ከበሩ ላይ ዞር ብላ «መሰላል የሚሉሽ አንቺን ነው?» አለች።

«ሲያሾፉብኝ ነው።»

«እኛ ጋ ብትመጪ አናሾፍብሽም።»

ውጤቱ ክረምቱ ሳይገባ መጣ፤ ክፍሉ አለፈ። ርዕሰ መምህሩም ሁለት ወጣት መምህራን በቢሯቸው ደጃፍ ቆመው «ጋሼ፣ አንደኛ ክፍል ይስጡን» ቢሏቸው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ብዙ ሳይከራከሩ እሺ አሉ።

በስንብቱ ቀን መምህርቷ አዲስ የምትረከበው የአንደኛ ክፍል ደጃፍ ላይ ቆማ ልጆቿን ሸኘች። ስማቸውን እየጠራች ልታቅፋቸው አስባ ነበር፤ ግን ጸጉሯ ውስጥ ጠመኔ እየፈለገች ቀረች። እነሱም ማልቀስ አሳፍሯቸው፣ እየተጋፉና እየተሳሳቁ ወደ ግቢው በር ሄዱ። ዞር ብሎ ያያት የለም።

ግቢው መሃል ሲደርሱ ሹክሹክታ፣ አዲስ የተሠራ ጸጉሯ በጀርባዋ ላይ እየተወዛወዘ፣ ሳትዞር እጇን በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ ላከች። የጎሚስታው ልጅ ተከተላት፤ ከዚያ ሌሎቹ ሁሉ። መምህርቷ በእነዚያ ሁሉ እጆች አቅጣጫ፣ የአንደኛ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር።