ዳር የቆመችው ኦዴሳ

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ የጫማዬ ተረከዝ ተነቀለና እያነከስኩ ጫማ ሰፊው ኮርኔሊየስ ዘንድ ገባሁ። ሰፈራችን ሃርለም ውስጥ ወሬ የሚጠገነውም እዚያው ነው። ስድሳ የሚጠጋቸው፣ ቀጥ ያሉ ጥቁር ሴት፣ ሲደንሱ ቀጭ ቀጭ እንዲል ከሶሉ ሥር ብረት የተመታበትን የዳንስ ጫማቸውን ሰጥተው ቆመዋል።

«ብረቱን አጥብቀህ ምታው፤ ለአሥራ አንድ ሰዓት እፈልገዋለሁ።»

«ሚስ ኦዴሳ፣ በዚህ ጉልበት ሊደንሱ? መጀመሪያ እሱን አምጡና ልጠግነው!»

«አንተ ምላስህን ስፋ!»

የጫማው ቀለም ልክ የቆዳቸውን ይመስላል። ገርሞኝ ሳየው፣ «ሻይ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «የሚሸጡልን ለነጭ ሰው ቆዳ የሚሆነውን ቀለም ነበር። እሱን ካደረግሽ ከሩቅ ሲያዩሽ እግርሽ ቁርጭምጭሚት ላይ የተቆረጠ ይመስላል። ስለዚህ ወፍራም ሻይ አፍልቼ ነከርኩት።»

ኮርኔሊየስ የሁለታችንንም ጫማ እስኪጨርስ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን አጫወቱኝ። በወጣትነታቸው ብሉ ሄሮን የሚባል የምሽት ዳንስ ቤት ውስጥ የዳንሰኞቹን ልብስ ይሰፉ ነበር። ባለቤቱ ለመቀጠር የመጣች ልጅ ሁሉ ጉንጭ ላይ ቡናማ የወረቀት ከረጢት ያስጠጋል። ከከረጢቱ ጠቆር ካለች በመጣችበት ትመለሳለች፤ ዳንሷን እንኳ አያይም። ታዲያ አንድ ምሽት መጋረጃው ሊገለጥ ሲል አንዷን ዳንሰኛ እግሯን ወለም አላት። የዳንሱን እርምጃ ሁሉ በየምሽቱ እያየች የምታውቀው ልብስ ሰፊዋ ኦዴሳ ብቻ ነበረች።

«‹ዳር ቁሚ፤ መብራቱ እዚያ ደከም ይላል› አለኝ ባለቤቱ። ሰዉ ግን አየኝ! ያን ዕለት የተጨበጨበው ጭብጨባ! ከኔ በፊት እኔን የመሰለች እዚያ መድረክ ላይ አልወጣችም። ስድስት ዓመት ደነስኩ፤ ስድስቱንም ዓመት ዳር ላይ።»

እኔ ባገኘኋቸው ቀን የቀድሞዎቹ ዳንሰኞች እዚያው ብሉ ሄሮን አዳራሽ ሊመሰገኑ ነበር። ሚስ ኦዴሳ ግን ጥሪ አልደረሳቸውም። «አድራሻዬ ጠፍቷቸው ነው፤ ሲያዩኝ ያውቁኛል» አሉ። ጫማውን እዚያው አጠለቁ። ቅርብ ስለነበር አብሬያቸው ሄድኩ።

አዳራሹ በር ላይ ያለችው ልጅ የተጋባዦቹን ስም ዝርዝር ሁለት ጊዜ አየች።

«ስምዎ የለም፣ እማማ። ስሞቹን የጻፍነው ከዚያ ፎቶ ነው።»

ግድግዳው ላይ አሥራ አንድ ፈገግ ያሉ ወጣት ዳንሰኞች ተደርድረዋል። በስተቀኝ፣ ፎቶው በተቆረጠበት ጫፍ ላይ፣ አንድ ጥቁር ክርን ይታያል።

«ይኸው! ክርኔ ነው!» አሉ ሚስ ኦዴሳ። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አሳዩዋት። ልጅቷ አፍራ አቀረቀረች።

በዚህ መካከል የዳንሰኞቹ ሰልፍ መሪ የነበሩት ቨርኔል፣ ቀይ ሴትዮ፣ አበባ ደረታቸው ላይ ሰክተው ብቅ አሉ።

«ቨርኔል! እኔ ነኝ እኮ፣ ኦዴሳ! ቀሚስሽን እሰፋልሽ የነበርኩት፤ አብሬሽ የደነስኩት!»

ቨርኔል መጀመሪያ እሳቸውን አዩ። ቀጥሎ ፎቶውን፣ ቀጥሎም ከኋላቸው የሚጠብቃቸውን ካሜራ አዩ።

«እመቤቴ፣ እኛ አሥራ አንድ ነበርን» አሉና ወደ ውስጥ ተመለሱ።

እኔ ልናገር ስል ሚስ ኦዴሳ ክንዴን ያዙኝ። ወጣን። በእግረኛው መንገድ ላይ ጫማው ቀጭ፣ ቀጭ ሲል አላፊው ሁሉ ዞር ይላል። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ አውልቀው አስታቀፉኝና ከቦርሳቸው ነጠላ ጫማ አወጡ።

«ነገ ስታልፊ ለኮርኔሊየስ ስጪልኝ» አሉኝ። «ብረቱን ይንቀልልኝ። ለቤተ ክርስቲያን ላደርገው ነው፤ እዚያስ ኮቴዬ ባይሰማም ግድ የለም።»