የተደፋው ጽዋ

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር ደብረ ብርሃን ገበያ በርበሬ ልገዛ ወጥቼ፣ ጌሾ የሚሸጥበትን መደዳ ላለማለፍ በሌላ በኩል ዞርኩ። ልጄ ነቃችብኝ። «እማዬ፣ ስልሳ ዓመት ሊሞላሽ ነው፤ ቅጠል ትፈሪያለሽ?» ብላ ሳቀች። እፈራለሁ። ሌላው ሰው እባብ ይፈራል፣ እኔ የጌሾ ሽታ እፈራለሁ። ምን ታደርጉኛላችሁ?

ያደግሁት አንኮበር ነው። አባቴ አናጢ ነበር፤ እሱ የገጠመው በር ንፋስ አያስገባም ይባልለት ነበር። ብቻ አረቄ ያዘው። እኔ ነፍስ ሳውቅ፣ ጠዋት ጠዋት እጁ እየተንቀጠቀጠ ምስማር መምታት ያቅተው ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላ፣ እኔን አስከትላ ደብረ ብርሃን ወንድሟ ቤት ገባች።

አባቴን ያነሱት የሚካኤል ማኅበርተኞቹ ናቸው። ጸበል ወሰዱት፤ ከጸበል ሲመለስም አልተዉትም። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አባቴ ከሥራ ሲወጣ ጠብቀው «እግሬን ላፍታታ» እያሉ አረቄ ቤቶቹን እስኪያልፍ አብረውት ይሄዳሉ። እግራቸው ሪህ ነበረበት፤ የሚፍታታ ነገር አልነበረውም። ስምንት ወር ሳይቀምስ ሲቆይ ጋሽ ተሰማ ሄደው እናቴን ለመኑለት፣ ተመለስን። እሷ ግን «አንዴ ከቀመስክ ሁለተኛ አታየኝም» አለችው። ያለችው ሳትቆጣ፣ በእርጋታ ነው። ቁጣዋን ለምጄዋለሁ፤ እርጋታዋ ነው ያስፈራኝ።

ከዚያ በኋላ ፍርሃት ሥራዬ ሆነ። አባቴ ሲገባ እግሩን ሳጥበው ቀና እያልኩ ትንፋሹን አሸታለሁ። ያውቅብኝ ነበር መሰለኝ፤ እንድጨርስ ቀስ ብሎ ይተነፍስልኛል።

ኅዳር ላይ የጽዋው ተራ እኛ ቤት ደረሰ። ጽዋው ጠላ የተሞላ፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ማሰሮ ነው፤ ማኅበርተኞቹ ካለፈው ባለ ተራ ቤት እየዘመሩ ወደ ቀጣዩ ያመጡታል። አባቴ ተሸክሞት ሲገባ ገብስ የሚወቁት ጎረቤቶች ሳይቀሩ እልል አሉ። ተራ ከተሰጠው ወዲህ ሰው ሆኛለሁ ይል ነበር፤ ፊቱ በርቶ ነበር። እኔ ያየሁት ግን ማሰሮውን ብቻ ነው። በማግስቱ ቄሱ ባርከው ለቤተሰቡ ያቀምሳሉ፤ የሚካኤልን ጽዋ ደግሞ እምቢ ማለት አይቻልም። እስከዚያ እንኳ ቢታገስ።

እንግዶቹ ዳቦውን በልተው ሲወጡ እናቴ ልትሸኝ ተከተለች፤ አባቴ ወደ ጓሮ ዞረ። ማሰሮውን አቅፌ በጎን በር ወጣሁና ሳማው ላይ ደፋሁት። ጉሙ ከቆላው እየወጣ ስለነበር ያየኝ የለም። ጨርቁን መልሼ ሸፈንኩት።

እናቴ ተመልሳ ማሰሮውን ልታነሳው ስትል ቀለላት። ከፈተችው። አባቴ በዚያው ቅጽበት ገባ።

«ጨረስከው?» አለችው።

አባቴ ማሰሮውን አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ፤ ዓይኑ የቀሚሴ ጫፍ ላይ ቆመ። ቀሚሴ ርሷል።

«እኔ አልነካሁትም» አለ።

እናቴ ትንፋሹን እንኳ ሳታሸት ልብስ ትቋጥር ጀመር። እኔ የራሰውን የቀሚሴን ጫፍ ጨብጬ ቆምኩ። የመልአኩን ጽዋ የደፋ ሰው መብረቅ እንደሚመታው ነበር የማምነው፤ በእውነት ጣራው ላይ ነጎድጓድ እጠብቅ ነበር። እናቴ ወንድሜን አዝላ፣ «ተከተይኝ» ብላኝ መኪና ወደሚቆምበት ስትወርድ፣ አባቴ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ መሃል ቀብሮ ነበር። ያኔ ከመብረቁ የባሰ መጣብኝና ሮጥኩ፤ ወደ ጋሽ ተሰማ ቤት።

«እኔ ነኝ የደፋሁት። እማዬ እየሄደች ነው» አልኳቸው። ከዘራቸውን አንስተው በዚያ በሽተኛ እግራቸው ቁልቁል ወረዱ።

እናቴን መንገድ ላይ ደረስንባት። «ልጅቷ ነች የደፋችው» አሏት። «ጥፋቱ ግን የኛ ነው። ከመጠጥ ሊላቀቅ የሚታገል ሰው ቤት ጠላ ይዘን ዘመርን። ተመለሽ ልጄ፤ ከዛሬ ጀምሮ እናንተ ቤት የሚመጣው ጽዋ የማያሰክር ብርዝ ነው።»

እናቴ ቋጠሮዋን መሬት አስቀመጠች። መኪናው መጥቶ ሄደ። ከዚያ ቋጠሮውን አሸከመችኝና ወደ ላይ መውጣት ጀመርን።

ከዚያ ወዲያ ማኅበርተኞቹ እኛ ቤት ብርዝ ጠጡ። ጨዋታ አዋቂ ነበሩና «ማሩን ጥርሳችን አልቻለውም» እያሉ ያሾፉ ነበር፤ ግን አንድም ሰው አልቀረም። አባቴ እስኪሞት አልቀመሰም።

አግብቼ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን ጠየቅሁት። «እኔ መሆኔን አውቀህ ነበር። ለምን አልተናገርክም?»

መላጊያውን አስቀመጠ። «ብናገር ማን ያምነኝ ነበር?» አለኝ።

ያኔ ፍቅፋቂውን መጥረግ ያዝኩ። ዛሬ እሱ አፈር ውስጥ ሆኖ ነው መልሱን የማውቀው። በዚያች ቤት እንዳልጠጣ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ። እኔ ነበርኩ፤ አጠገቡ ዝም ብዬ ቆሜ።