የዘጠነኛው ምዕራፍ ጉርምርምታ

የእታለም ሥራ ማዳመጥ ነው። ምን እንደምትሠራ የሚጠይቃት ሰው ሁሉ መልሷን ሲሰማ ይስቃል። አንድ የታክሲ ሹፌር እንዲያውም፣ «እሱንማ እኔም ዕድሜ ልኬን ሠርቼዋለሁ፤ ሚስቴን ጠይቂያት» ብሏታል። እሷም አብራ ትስቅና ማስረዳት ትጀምራለች፤ ማስረዳት አይሰለቻትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች መጻሕፍት በድምፅ የሚቀዱበት አንድ ቤተ መጻሕፍት አለ። በጎ ፈቃደኛ አንባቢዎች እዚያች ጠባብ መቅረጫ ክፍል ገብተው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነባሉ። ቅጂው ከዚያ ወደ እታለም ይመጣል። እሷ መጽሐፉን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ እርሳስ ይዛ ትከተላለች። የተዘለለ መስመር ካለ ትጽፋለች። ገጽ ሲገለጥ ኮሽ ካለ ትጽፋለች። ወንበር ሲጢጥ ካለ፣ አንባቢው ምራቁን ከዋጠ፣ ደቂቃውንና ሴኮንዱን ትመዘግባለች። በጨለማ የሚያዳምጥ ሰው ኮሽታውን ሁሉ ይሰማል፤ እሷም በእሱ ቦታ ሆና መስማት አለባት።

እታለም የቤት ስሟ ነው፤ ከወንድሞቿ ሁሉ ታላቅ ስለሆነች እንዲያ ብለው ጠሯት፣ በዚያው ቀረ። አሥራ ሁለት ዓመት በቤተ መጻሕፍቱ የካርድ ክፍል የመጻሕፍት ርዕስ የተጻፈባቸውን ካርዶች ስትደረድር ቆይታለች። ወደ ማዳመጡ ያዛወሯት ለሦስት ወር ሙከራ ነው። የሚሰጣትን የመጀመሪያ መጽሐፍ አጥርታ ካስረከበች ትቀጥላለች፤ ካልሆነ ወደ ካርዱ ትመለሳለች። የካርድ ክፍል ክፉ ቦታ ሆኖ አይደለም። ግን መጽሐፍን ከርዕሱ አልፎ መግባት የቻለችው ገና አሁን ነው፤ ከእንግዲህ ርዕስ ብቻ ሲያነቡ መዋል አንጀቷ አልችል ብሏል።

መቅረጫ ክፍሉ አንድ ብቻ ስለሆነና እሱም ለአንባቢዎቹ ስለሚያስፈልግ፣ አዳማጮች የሚሠሩት ከቤታቸው ነው። የእታለም ቤት ደግሞ የአጎቷ የአናጢነት ሥራ ቤት ላይ ያለች አንዲት ክፍል ነች። መስኮቷን ስትከፍት የተላገ እንጨት ይሸታታል፤ ሽታውን ትወደዋለች። ጋሼ የምትላቸውን አጎቷንም ትወዳቸዋለች። አጎቷ ከአንድ ወር በፊት የገዙትን መላጊያ ማሽን ግን ገና አልለመደችውም።

የተሰጣት መጽሐፍ ሃያ ሦስት ምዕራፍ ነው። አንባቢው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ድምፃቸው ለስለስ ያለ፣ ነጠላ ሰረዝ ላይ እንኳ አክብረው የሚያርፉ ሰው። እስከ ስምንተኛው ምዕራፍ ሁሉም ደኅና ሄደ። ዘጠነኛው ላይ እታለም ከድምፃቸው ሥር ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ሰማች። እንደገና ሰማችው፤ አለ። ጻፈች፦ «ምዕራፍ ዘጠኝ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጉርምርምታ። ይደገም።» አሥረኛው፣ አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛውም እንደዚያው ነበሩ። ይደገም፣ ይደገም፣ ይደገም።

መምህሩ ሳያጉረመርሙ አራቱንም ደገሟቸው። የተደገሙትም ሲመጡ ጉርምርምታው አለ።

የክፍሉ ኃላፊ ደወለችላት። «እትዬ፣ እኔ ሳዳምጠው ምንም አይሰማኝም» አለቻት በትሕትና። «ቴክኒሻኑም ምንም የለም ነው የሚለው። መምህሩ ደግሞ ደክመዋል። የሙከራ ጊዜሽ ዓርብ ያልቃል፤ ያለቀውን መጽሐፍ ዓርብ ጠዋት ካላየሁት ሌላ ሰው መፈለጌ ነው።»

ዕለቱ ሰኞ ነበር።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ እታለም ዘጠነኛውን ምዕራፍ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ከፈተች። ጉርምርምታው አለ፤ ልክ እንደ ትናንቱ። ልትጽፍ እርሳሷን ስታነሣ፣ መምህሩ አንድ ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ሳሉ ጉርምርምታው ቀጥ አለ። ድምፃቸው እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጠራ። እታለም እርሳሷን አስቀመጠች። ሰዓቷን አየች፤ ስድስት ሰዓት ከሩብ። አጎቷ ማሽናቸውን አጥፍተው ለምሳ የሚነሡበት ሰዓት ነው።

ምዕራፉን ከመጀመሪያው አስጀመረችው። ጥርት ያለ ነው። የጉርምርምታ ወሬም የለ።

ለካ ያ ሁሉ «ይደገም» ለአጎቷ መላጊያ ማሽን የተጻፈ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ምዕራፎች የሰማቻቸው ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ «ታዲያ ከእግሯ ሥር የሚጮህ ማሽን እንዴት አትለይም?» ሊል ይችላል። እታለምም ራሷን የጠየቀችው ይህንኑ ነው፤ መልሱን እስክታገኝም አልተቀመጠችም። ማሽኑ እንጨቱን ሲነክስ የሚያወጣውን ቀጭን ጩኸትማ ታውቀዋለች፤ የጋሼ ነው ብላ ትተወዋለች። ከሥሩ ያለውን ወፍራም የሞተር ድምፅ ግን ወለሉ ያስተላልፈዋል፣ ጠረጴዛውም ይቀበለዋል፤ እሷ ጋ ሲደርስ ከመምህሩ ድምፅ ጋር ተጣብቆ ነው። ጆሮ ደግሞ አብሮ የመጣን ነገር አንድ ላይ ይቆጥራል።

ማዳመጫዋን አውልቃ ገለባበጠችው። ሙዚቀኛ የሆነው የአክስቷ ልጅ የሰጣት ነው፤ ውድ ዕቃ ነው፣ እሷም የምትኮራበት። የክዳኖቹ ጀርባ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው። ደወለችለት።

«ቀዳዳው ለምንድን ነው?»

«ክፍት ነዋ። ድምፁ ሳይታፈን ሰፋ ብሎ እንዲሰማሽ ነው። የት ነው የምትሰሚበት?»

«ጋሼ ቤት፣ ፎቁ ላይ።»

«እታለም፣ እሱ እኮ ጸጥ ላለ ክፍል ነው። በቀዳዳው የምትሰሚው ንባብ ይወጣል፣ የጋሼ ማሽን ይገባል። ለአንቺ ጀርባው የተደፈነ ነው የሚያስፈልግሽ። ርካሹም ይበቃሻል፤ ብቻ ሳትለኪ እንዳትገዢ።»

እታለም «ሳትለኪ እንዳትገዢ» መባል የማያስፈልጋት ሰው ናት። ምሳዋን ትታ ደብተር አወጣች።

ከአንድ ደኅና ጫማ ዋጋ በላይ ላለማውጣት ወሰነች። ከዚያ ከዘጠነኛው ምዕራፍ፣ ከመጀመሪያው ንባብ፣ የመክፈቻውን ሁለት ደቂቃ ስልኳ ላይ ጫነች፤ አርባኛው ሴኮንድ ላይ መምህሩ ገጽ ሲገልጡ ስስ ኮሽታ አለ፤ አንድ ደቂቃ ከአሥር ላይ ትንፋሽ ይስባሉ። እነዚህን ሁለቱን የማያሰማት ማዳመጫ የቱንም ያህል ቢያምር አትገዛውም።

ኤሌክትሮኒክስ ከሚሸጥባቸው ሱቆች መሐል የመረጠችው ከቁልፍ ቀራጭ አጠገብ ያለውን ነው፤ ሌላው ሰው ከሚሸሸው ጩኸት አጠገብ። ባለሱቋ ወጣት ነች፤ ፈጣን፣ ቀልደኛ።

«ለልጅሽ ነው፣ እትዬ?»

«ለራሴ ነው።»

«እንግዲያው ይሄ ነው። ባሱ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ልብሽን ነው የሚመታው።»

«ልቤ ደኅና ነው» አለች እታለም። «የተደፈኑትን ሁሉ አውጪልኝ። መጀመሪያ ምንም ሳልከፍት ነው የማደርጋቸው።»

«ምንም ሳትከፍቺ ምን ልትሰሚ?»

«የሚቀረውን።»

ባለሱቋ ነገሩ ስለገረማት ሰባቱን ደረደረችላት። እታለም አንድ በአንድ አደረገቻቸው። ክዳኑ ጆሮዋን ሙሉ በሙሉ የማይውጠውን፣ ላዩ ላይ ብቻ የሚቀመጠውን ወዲያው መለሰች። መነጽር ታደርጋለች፤ የመነጽሩ ክንድ ስፖንጁን ገፍቶ በጆሮዋ ኋላ ቀዳዳ የሚተውባትን ሁለት ሌሎች አስወገደች። ከቀሩት አንዱ ደግሞ ሰፊ ባስ ያለው ነበር፤ ስልኳን ስታገናኘው መምህሩ ከበርሜል ውስጥ የሚያነቡ መሰሉ፣ አርባኛዋ ሴኮንድ ላይ ያለችው ኮሽታም ተቀበረች።

ሦስት ቀሩ። በሦስቱም የቁልፍ ቀራጩ ጩኸት ጠፋ ማለት ይቻላል። እታለም ደስ ብሏት ርካሹን ልትይዝ እጇን ዘረጋችና ቆመች።

«ምነው?» አለች ባለሱቋ።

«የቁልፍ ቀራጩ ቀጭን ድምፅ ነው። ቀጭን ድምፅ በቀላሉ ይታገዳል። የእኔ ጠላት ወፍራሙ ነው።» ወደ መንገዱ ተመለከተች። ፌርማታው ላይ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። «ነይ፣ አብረን እንሂድ።»

ባለሱቋ ሱቋን ለቁልፍ ቀራጩ አደራ ሰጥታ፣ ሦስቱን ማዳመጫ ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ተከተለቻት። እታለም የአውቶቡሱ ሞተር ጎን ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና የመጀመሪያውን አደረገች። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«እትዬ፣ ትሳፈሪያለሽ ወይስ ሞተሬን ልትገዢው ነው?»

«ትንሽ አጥብቀህ ርገጠው እስቲ» አለችው።

«እናንተ ሴቶች ደግሞ የሞተር ሐኪም ሆናችሁ?» አለና ረገጠው።

ርካሹ ላይ ሞተሩ በግልጽ ገባ። የመጨረሻው በባትሪ የሚሠራ፣ የውጭውን ድምፅ ራሱ የሚያጠፋ ነበር፤ ሞተሩን በእርግጥ ዋጠው፤ በምትኩ ግን የራሱን «ሽሽሽ» የሚል ስስ ሽሽታ አመጣ። ሽሽታ ፈልጋ ለማግኘት ለሚከፈላት ሰው ደግሞ ይህ ጨው በዓይን ነው። የመሐለኛው መልኩ የማያምር፣ ስፖንጁ ወፈር ያለ፣ ጭንቅላትን ያዝ የሚያደርግ ነበር። ሞተሩ አልጠፋም፤ ግን ከጆሮዋ ራቀ፣ ሌላ መንደር ያለ ያህል ሆነ። ከላዩ መምህሩ ተሰሙ። ኮሽታዋ ተሰማች። ትንፋሹም ተሰማ።

«ይሄ ነው» አለች እታለም።

«ከሰባቱ አስቀያሚው» አለች ባለሱቋ።

«እኔ ውስጡ ነኝ፤ የሚያየው ሌላ ሰው ነው።»

ቤቷ ገብታ አጎቷን ማሽኑን እንዲያስነሡላት ጠየቀች። ከጠረጴዛዋ እግሮች ሥር የተጣጠፈ አሮጌ ምንጣፍ አስገባች፤ መስኮቷን ዘጋች። ድምፁን ከፍ ማድረግ አላስፈለጋትም፤ ድሮ ማሽኑን ለመብለጥ ስትል ቁልፉን እስከ ጫፍ ትጠመዝዝ ስለነበር ማታ ማታ ጆሮዋ ይጮህባት ነበር። ዘጠነኛው ምዕራፍ ንጹሕ ነው። አሥረኛውም፣ አሥራ አንደኛውም፣ አሥራ ሁለተኛውም። የመጀመሪያዎቹ ንባቦችም ጉርምርምታ አልነበረባቸውም።

አሁን የቀረው ከባዱ ነው። ረቡዕ ጠዋት መቅረጫ ክፍሉ ደጃፍ ላይ መምህሩን ጠበቀቻቸው።

«መምህር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች፣ እንዲቀመጡ እንኳ ሳትጠብቅ። «ጉርምርምታው የአጎቴ ማሽን ነው። እርስዎ ላይ ምንም አልነበረም። አራት ምዕራፍ በከንቱ አስነበብኩዎት።»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «የዘበኛውን ሬዲዮ አስዘጋሁ» አሉ ቀስ ብለው። «የግድግዳውን ሰዓት አስወረድኩ። መጨረሻ ላይ የራሴን ደረት ጠረጠርኩና ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ደረትዎ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ደረት ነው አለኝ። ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪ ይህን የምሥራች ከየት እሰማው ነበር?»

እታለም ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት፤ ሳቁ ቀደመ።

«ደግሞም» አሉ መምህሩ፣ «ሁለተኛው ንባቤ ይሻላል። እሱን ያዢ።»

ሁለተኛውን ያዘች። እስከ ሐሙስ ማታ የቀሩትን ምዕራፎች አዳመጠች፤ አሥራ አራተኛው ላይ፣ ሰዓቱ ከግድግዳ ከመውረዱ በፊት በተነበበ ገጽ ላይ፣ ከአንቀጽና አንቀጽ መሐል መምህሩ ረዘም አድርገው ባረፉበት ቦታ፣ ስስ ቅጭ ቅጭታ አገኘች። አሁን ግን ለመጻፍ አልቸኮለችም። አጎቷ ማሽኑን እስኪያጠፉ ጠበቀች፤ የራሷን የእጅ ሰዓት አውልቃ ደጅ አስቀመጠች፤ ደግማ ሰማች። አለ። «ምዕራፍ አሥራ አራት፣ ገጽ አንድ መቶ ስድሳ ብቻ። የግድግዳ ሰዓት። ይደገም።» መምህሩ ዓርብ በማለዳ ገጿን አንብበው ሄዱ።

ኃላፊዋ ዓርብ ረፋድ ላይ የሆነውን ሁሉ ከእታለም አፍ ሰማች። ከዚያ የድሮውንና አዲሱን ገጽ በራሷ ማዳመጫ አከታትላ አዳመጠች፤ በሦስተኛው ጊዜ ፊቷ ተለወጠ።

«ሰዓት ነው» አለች። «ይሄን እኔ አልፌው ነበር።» ተነሥታ ከመደርደሪያ አንድ እንደ ጡብ የወፈረ መጽሐፍ አውርዳ እታለም ፊት አኖረችው። «ሠላሳ ስምንት ምዕራፍ ነው። አንባቢዋ አዲስ ነች፤ በየገጹ ወንበሯን ታንቀሳቅሳለች። በርቺ።»

አዲሱ ማዳመጫ አንድ ችግር ብቻ አመጣ፤ እታለም ለምሳ ስትጠራ አትሰማም። አጎቷ ሁለት ቀን ሙሉ ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው ትከሻዋን ነኩ። በሦስተኛው ቀን፣ «እኔ ለምሳ ብዬ ጉልበቴን አልጨርስም» አሉና የመጥረጊያ እንጨት አንሥተው ጣሪያቸውን ሦስት ጊዜ መቱ። ጣሪያቸው የእሷ ወለል ነው። እታለም በእግሯ ሰማችው፤ ደቂቃውንና ሴኮንዱን መዝግባ፣ ማዳመጫዋን አውልቃ ወረደች።