የአባባ ነጭ ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከደሴ ስትመጣ የቀለም ናሙና የተለጠፈበት ካርቶን ይዛ መጣች። ሐይቅ ያለውን የወላጆቼን ቤት እያደሰችልኝ ነው፤ አላህ ይስጣት፣ በዚህ አላማትም። ካርቶኑን ጭኔ ላይ ዘርግታ ለትንሿ መታጠቢያ ቤት ከአሥራ ሁለት ግራጫ አንዱን ምረጪ አለችኝ። ይሄ የዳመና ነው፣ ይሄ የርግብ ክንፍ ነው፣ ይሄ የአመድ ነው እያለች በጣቷ ታሳየኛለች፤ ለእኔ ግን አሥራ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሁለት እርምጃ በሁለት እርምጃ የሆነች ክፍል ግድግዳዋም፣ ወለሏም፣ መቀመጫዋም አንድ ዓይነት ሲሆን ሰፊ ትመስላለች አሉ። ለማን ልትሰፋ ነው? እኔ ለመታጠብ እንጂ ሰርግ ልደግስባት አይደለም። ይህ ሳያንስ ቀለም ቀቢው የሳሎኑን ቀለም ጣሳ ሲከፍተው ያ የዘይት ቀለም ሽታ መጣና አርባ ዓመት ሆዴ ውስጥ የተኛውን ንዴት ቀሰቀሰው።

እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ አሁን ሠራተኞቹ ሲሚንቶ ከሚያቦኩበት ላይ፣ ጣራ የሌላት የድንጋይ መታጠቢያ ነበረችን። የአባቴ አባት፣ አባባ ሙሄ፣ በቀን አምስት ጊዜ እዚያ ገብተው ለሰላት እየታጠቡ ውዱእ ያደርጉባታል። አባቴ ለንግድ ባቲ ወርዶ ስለሚከርም ቤቱን የምታስተዳድረው እማ ነበረች። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ የአባባ ዓይን መድከም ጀምሮ ነበር፤ ግን እርሳቸው አላሉም፣ እኛም አላልንም። በጉልምስናቸው ከሐይቁ ማዶ የሚሄደውን ሰው በአረማመዱ ይለዩ ነበር የሚባልላቸው ሰው፣ ማንቆርቆሪያቸውን ረግጠው ሲደፉት "ይች ዶሮ ደግሞ ምን ልሁን ብላ ነው እዚህ የምትገባው!" ይላሉ። ዶሮ አልነበረንም።

እማ ምንም ሳትናገር ቀለም መምረጥ ጀመረች። ከሐይቁ ዳር ቢጫ አፈር አምጥታ ግድግዳውን ቀባችው፤ ልብስ ለማንጣት የሚጨመረውን ሰማያዊ ዱቄት በጥብጣ፣ አባባ እግራቸውን ሲታጠቡ የሚቀመጡበትን ድንጋይ ሰማያዊ አደረገችው፤ ከዚያ ስፌቷን ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ በጎን ታያቸዋለች። እጃቸው ድንጋዩን ስቶ አየሩን ሲዳብስ ያየች እንደሆን ሰማያዊው በማግስቱ ይታጠባል፣ በሳምንቱ ድንጋዩ ቀይ ይሆናል። ቀዩንም ሳቱት። ጎረቤቱ ሁሉ መሳቂያ አደረጋት፤ "ዘሃራ፣ ሙሽራ ልታስገቢ ነው እንዴ መታጠቢያ ቤት ስትቀቢ የምትውይው?" ይሏታል። አንድ ቀን አባባ ራሳቸው፣ የሚሸታቸው የእርጥብ አፈር ሽታ ምን እንደሆነ ጠየቋት። "ለውበት ነው፣ አባባ" አለቻቸው። "ለውበት ከሆነማ ደግ ነው" አሉ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

የሚሆነውን ቀለም ያገኘችላት እትዬ ወርቄ ናት፣ አጥር የምንጋራት ክርስቲያን ጎረቤታችን። በመስከረም ግሸን ማርያምን ተሳልማ ስትመለስ፣ አምባሰል ላይ መንገድ ዳር ያየችውን ነጭ አፈር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ያን ሁሉ ዳገት የሄደ እግሯን ሳታሳርፍ ነው እኛ ቤት የገባችው። እማ አፈሩን አሽታ፣ ነፍታ፣ በጥብጣ ቀባችው፤ ድንጋዩ ወተት መሰለ። ደፉን ደግሞ በከሰል ዱቄት አጠቆረችው። አባባ ለዝሁር ሰላት መጡ፤ ጥቁሩን ተሻገሩ፣ ቢጫውን ይዘው ዞሩ፣ ነጩ ላይ ዝግ ብለው ተቀመጡ፣ ማንቆርቆሪያውን ካለበት አነሡት። የእማ መርፌ ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዶሮዋ ጠፋች።

ጥር ላይ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ትልቅ እንግዳ ከደሴ ወደ ወልዲያ ስለሚያልፉ፣ ከመንገዱ ላይ የሚታይ ሁሉ በአንድ ቀለም ይቀባ ተባለ። የመጣው ቀለም ግራጫ ነበር፣ እንዲሁ እንደ አሁኑ። ከቀለሙ ኋላ ያለው ሰው ምን በልቶ እንዳደረ የጠየቀ የለም። አጥራችን ተቀባ፣ በራችን ተቀባ፤ ይሁን። ሊቀመንበሩ ግን መኪና መንገዱ ከግቢያችን ከፍ እንደሚልና መታጠቢያችን ጣራ እንደሌላት አስተዋለ። ከመኪና ላይ ውስጧ ይታያል፤ ስለዚህ ውስጧም ይቀባ። እስቲ አሁን የትኛው ባለሥልጣን ነው አንገቱን አስግጎ የሰው መታጠቢያ ቤት የሚያይ? ቢያይስ ነውሩ የማን ነው?

እማ የመታጠቢያዋ በር ላይ ቆመች። "ውጪውን እንዳሻችሁ፤ ውስጡን ግን ተውልኝ" አለች።

"ምክንያትሽን ተናገሪያ፣ ጓድ ዘሃራ" አላት ሊቀመንበሩ።

ብትናገር ይተውላት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ፈሪ እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን አባባ አምስት እርምጃ ርቀው ወይራው ሥር መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፣ ሁሉንም ይሰማሉ። እማ በእርሳቸው ፊት "አያዩም" ከምትል ምላሷ ቢቆረጥ ትመርጣለች። እኔ ልናገር ስል ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ያን ጊዜ አባባ ከተቀመጡበት፣ "ተያቸው ልጄ፤ ለውበት የመጣ ነው፣ ለውበት ይሂድ" አሉ።

ግድግዳውን ቀቡት፣ ደፉን ቀቡት፣ ድንጋዩን ቀቡት። እንግዳው አለፉ ተባለ፤ እኛ ያየነው አቧራና መስኮቱ በመጋረጃ የተሸፈነ መኪና ነው። በዚያው ሳምንት አባባ ለከሰዓቱ የዐስር ሰላት ሊታጠቡ ሲገቡ ደፉ አደናቀፋቸው፤ ያ የዘይት ቀለም የተቀባ ድንጋይ ደግሞ ውሃ ነክቶት ሙልጭ አድርጎ ጣላቸው። ክርናቸው ተላጠ። የዚያን ቀን ዶሮ አላሉም።

እማ በቢላ መፋቅ ጀመረች፤ ገና ሳትጨርስ የቀበሌውን ሥራ ታበላሻለች ተብላ ተጠርታ ተዘለፈች። እትዬ ወርቄ በተከታዩ መስከረም ነጩን አፈር እንደገና ቋጥራ መጣች፤ አፈር ግን በዘይት ቀለም ላይ አይዝም፣ ሲደርቅ እየተፈረፈረ ወለሉ ላይ ረገፈ። ሁለቱ ሴቶች ጠርገው አወጡት። አባባ ደግሞ በወደቁ ማግስት ጎህ ሲቀድ፣ በሱብሂ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ "እጅሽን ስጭኝ" ብለውኝ ነበር። ውሃ ሳፈስላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ ይህን እስኪሞቱ ድረስ አልተዉም። ሁለት ዓመት በእኔ እጅ ገብተው በእኔ እጅ ወጡ፣ አላህ ይዘንላቸው። ማንም አልታሰረም፣ ማንም አልተገደለም፤ በዚያ ዘመን ስንቱ እያለቀሰ ይህን ብናገር ማን ይሰማኛል ብዬ ዝም አልኩ። እኔ ግን አሁንም ያንገበግበኛል። አንዲት ሴት ስድስት ወር ለፍታ ያቆመችላቸውን የአንድ ሽማግሌ ክብር፣ ለመኪና መስኮት ብለው በግማሽ ቀን ቀቡበት።

ልጄ ካርቶኑን ይዛ መልሴን ትጠብቃለች። ደሴ ያለው የዓይን ሐኪም በኅዳር የነገረኝን ለእርሷ አልነገርኳትም። ማታ የበሩን እጀታ የምፈልገው በመዳፌ መሆኑንም አላየችም፤ ሥራ ይበዛባታል።

"ግድግዳው ቢጫ፣ መቀመጫው ነጭ፣ ደፉ ጥቁር ይሁንልኝ" አልኳት።

ሳቀች። "እማዬ፣ ይሄ እኮ ያረጀ ነገር ነው! ለምንሽ ነው?"

"ለውበት ነው" አልኳት።

"ለውበት ከሆነማ ግራጫው ይሻላል" አለችኝ፤ ሄዳ ለቀቢው ነገረችው። አባባ የእማን "ለውበት ነው" አንድ ቀንም አምነውት እንደማያውቁ፣ እያወቁ እንደተቀበሏት የገባኝ ያን ጊዜ ነው።