በገዛ ፈቃዴ ብዬ የጻፍኩላት ልጅ

ወረታ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ከዚያ በፊት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ እኔም ከወንበሬ ተነሣሁ። አዛናው እባላለሁ። በገጽ አሥር ብር ነው የማስከፍለው። ስለ ጠባዬ የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ ቁጡ ነው ይላችኋል፤ አልዋሸም። ባላገር ነገሩን ከአዳም ነው የሚጀምረው። የድንበር ክስ ሊያስጽፍ መጥቶ የአያቱን ሠርግ ያወራልኛል። እኔ ደግሞ ወረፋ የያዘው ሰው እየተቁነጠነጠ፣ ፀሐዩ እየከረረ፣ «ፍሬውን ንገረኝ፣ ፍሬውን» እላለሁ። ለመንግሥት አጭር ነው የሚጻፈው። ይህን አመሌን ልብ በሉልኝ።

የማወራችሁ ስለ ይታይሽ ነው፣ ስለ አያ ማረው ልጅ። ዛሬ ወደ ጎንደር መውጫ ካለው የሩዝ መፈተጊያ ብትገቡ፣ ሚዛኑ አጠገብ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍና ኩንታል ስትመዝን የምታገኟት ቀጭን ሴት እሷ ናት። የገለባው ብናኝ ለሳንባዋ እንደማይበጅ ሁላችንም እናውቃለን፣ እሷም ታውቃለች። ምን ይደረግ፤ ሥራ የተገኘው እዚያ ነው።

ቤታቸው ሜዳው ላይ ነው፣ ክረምት የርብ ወንዝ ሲሞላ ውሃ ከሚተኛበት። ከዚያ መንደር ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው አልነበረም፤ ሴት ልጅማ ጭራሽ። በ1998 ይታይሽ ስትመደብ አያ ማረው በግ አርደው ጎረቤት ጠሩ። የደረሳት ደቡብ ነው፣ አውቶቡስ ሁለት ቀን የሚፈጅበት። የእንስሳት ትምህርት መረጠች። ከከብት ጋር ላደገች ልጅ ምን ይገርማል። ሦስት ዓመት ተምሬ ተመልሼ የፎገራን ላም ዘሯ ሳይጠፋ አድናታለሁ ትል ነበር። እኔም አንድ ቀን ይህንኑ ስታወራ ሰምቻት «በይ እንግዲህ፣ ላሞቹ እየጠበቁሽ ነው» ብዬ ቀልጄባታለሁ።

በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ የወጪ መጋራት የሚባል ውል ይፈርማል። መንግሥት ያስተምራል፣ ያበላል፣ ያስተኛል፤ ተማሪው ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ጥቂት ጥቂት እየተቆረጠ ይመልሳል። የእሷ ውል የአሳዳጊም ፊርማ ይጠይቅ ነበርና በመጀመሪያው ዕረፍት ይዛው መጣች። ለአባቷ አንብባ አስረዳቻቸው። አያ ማረው ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ከሰሙት ሁሉ በልባቸው የቀረው ግን አንድ ቃል ነበር፣ ዕዳ።

የሜዳው ሰው ዕዳ ሲሉት የሚያውቀው የማዳበሪያውን ነው። አንድ ዓመት ሰዉ ማዳበሪያ በብድር ወስዶ፣ ርብ ሞልቶ ማሳውን ጠርጎት ሄደ። ያኔ «ውሃ በላኝ፣ ታመምኩ፣ ጊዜ ስጡኝ» ያለ ሁሉ ስሙ ተመዝግቦ ከብቱ ተነዳበት። ሰማኸኝ የሚባል ጎረቤታቸው ግን ከረጢቱን ሳይፈታ «በፈቃዴ ትቼዋለሁ» ብሎ መልሶ ነበርና ስሙ ተሰረዘለት። አያ ማረው ሁለት በሬ ተነዳባቸው። ከዚያ ወዲህ እኒህ ሰው ለራሳቸው ሕግ አወጡ፤ ችግሩን የተናገረ ይነዳበታል፣ በፈቃዱ የመለሰ ይማርለታል። ልክ ነበሩ፣ ለማዳበሪያ።

ይታይሽ ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ ለመመረቅ ስድስት ወር ሲቀራት ታመመች። መጀመሪያ ሳል ነበር። ጉንፋን ነው እያለች ፈተና ተቀመጠች። ጥር 2000 ላይ ደም ስትተፋ ነፃነት የምትባል የይፋግ ልጅ፣ አብራት የምትተኛ፣ ደግፋ አውቶብስ ላይ አሳፈረቻት። ወረታ ጤና ጣቢያ ሲመረምሯት የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ ስምንት ወር የሚወሰድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ደግሞ በየማለዳው እየሄዱ ነርሷ ፊት መዋጥ ነው። ከሜዳው በየቀኑ መመላለስ ስለማይቻላት እዚሁ ወረታ አክስቷ ድንቅነሽ ቤት ተኛች።

ልጅቱ ሞኝ አልነበረችም። በሕመም ያቋረጠ ተማሪ አንድ ደብዳቤ ከጻፈ ቦታው ለዓመት እንደሚጠበቅለት ነፃነት ነግራታለች። ስለዚህ አባቷን «ታማለች ብለህ አስጽፍልኝ፣ ከሐኪም ካርዴ ጋር ይላክ» አለቻቸው። እሳቸውም እሺ ብለው ካርዱን ተቀብለው ወጡ፤ በገበያ ቀን፣ ሰው እንደ አንበጣ በወረደበት ቀን፣ እኔ ጃንጥላ ሥር መጥተው ቁጢጥ አሉ።

በእጃቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ነገራቸውን ከማዳበሪያው ጀመሩ፣ ከርብ ሙላት። ወይ ጣጣ አልኩ በሆዴ። ከኋላቸው ሰባት ሰው ቆሟል። «አያ ማረው፣ ፍሬውን ይንገሩኝ፤ ምን ልጻፍ?» አልኳቸው። ሕመሙ እንዳይጠቀስ አሉ። ሳንባ የሚባል ነገር ወረቀት ላይ ከወጣ ልጅቱን ማን ያገባታል፣ ታናሿንስ? ደግሞስ ታመምኩ ያለ ምን አገኘ? በፈቃዷ ትታዋለች በልና ዕዳው ይሰረዝልን አሉ። የሐኪሙን ካርድ ከኪሳቸውም አላወጡት። ጨርቁን ግን ፈታ አድርገው ውሉን ዘረጉልኝ። «ይህንንስ ብታየው?» አሉ። እኔ እጄን አወዛወዝኩ። አያስፈልግም አልኩ። ስንት ገጽ ሊነበብ ነው በገበያ ቀን!

ጻፍኩ። «በግል ጉዳይ ምክንያት ትምህርቴን በገዛ ፈቃዴ ያቋረጥኩ ስለሆነ፣ ከተማሪነቴና ከገባሁት ግዴታ እንድሰናበት በማክበር አመለክታለሁ።» ቀኑንና አድራሻውን አሳምሬ፣ ርዕሱን አስምሬበት። እንዲያውም ኮራሁበት፤ አጭር ነበር፣ ጥርት ያለ። አሥር ብሬን ተቀበልኩና ቀጣዩን ጠራሁ።

አያ ማረው ወረቀቱን ለፊርማ ድንቅነሽ ቤት ይዘውት ሄዱ። ይታይሽ የዚያን ቀን መድኃኒቱ አስመልሷት አልጋ ላይ ተዘርግታለች። የተማሪ ቤቱ ደብዳቤ ነው አሏት። አባት ያስጻፈውን ማን ያነብባል፤ ፈረመች። በማግስቱ በሪኮማንዴ ፖስታ ተላከ።

ስምንቱ ወር አለቀ። ልጅቱ ሥጋ መለሰች፣ ጉንጯ ሞላ። ድነሻል የሚል ወረቀት ሰጧት። በዚያ ክረምት ከአክስቷ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ የድሮ ደብተሮቿን ስታነብ አይቻት አልፌያለሁ። በጥቅምት 2001 ካርዷንና ወረቀቷን ይዛ ሁለቱን ቀን ተጉዛ ሄደች። የቀራት አንድ መንፈቅ ብቻ ነበር።

እዚያ የሆነውን ኋላ ራሷ ነገረችኝ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ሰጣት፣ ካርዷን አንድ በአንድ አየ፣ አዘነላት። ከዚያ ፋይሏን አስመጥቶ አንዲት ወረቀት አወጣና ፊርማው ያንቺ ነው ብሎ ጠየቃት። የእኔ ነው አለች። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበችው። በሕመም የሄደን እንመልሳለን አላት፤ በፈቃዱ የተሰናበተን ግን መመለሻ ደንብ የለንም። የተማረችበት ወጪ ደግሞ ቢሰናበቱም አይሰረዝም፣ በስሟ ተመዝግቧል፤ እሱን ከፍላ እስክትጨርስ ድረስ የውጤት ማስረጃዋን አውጥታ ሌላ ትምህርት ቤት ልታስገባው አትችልም። አያችሁ፣ በእኔ አጭር ደብዳቤ ትምህርቱ ሄደ፣ ዕዳው ቀረ።

ከመኪና እንደወረደች ቤትም አልሄደችም፣ ወደ እኔ መጣች። አቧራ እንደለበሰች ነው። «ጋሼ አዛናው፣ ይግባኝ ይጻፉልኝ» አለች። ምን ብለው መለሱሽ ስላት የደብዳቤውን ፎቶ ኮፒ ዘረጋችልኝ።  የገዛ እጁን ጽሑፍ ማን ይስታል! ዝም ማለት እችል ነበር፤ ጸሐፊው እኔ መሆኔን አታውቅም። ግን በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ፍሬውን ልናገር አልኩ።

«ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አልኳት። «አባትሽ ናቸው ያስጻፉኝ። ዕዳው ይሰረዛል ብለው ነው።»

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። ወረቀቱን እንደነበረ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ፦

«እሱ አይስማ» አለች። «አባቴ ትምህርቱን ያጣሁት በሱ እንደሆነ ከሰማ ይሞትብኛል።»

ሦስት ይግባኝ ጻፍኩላት፣ ያለ ዋጋ። ስህተቱ የእኔ የጸሐፊው ነው ብዬ ስሜን አስገብቼ ጻፍኩ። እንደዚያ ረጅም ማመልከቻ በዕድሜዬ አልጻፍኩም። የመጀመሪያው መልስ አጣ። ሁለተኛው ይታያል ተባለ፤ ስድስት ወር ታየ። የሦስተኛው ቁርጡ መጣ፤ ጊዜው አልፏል፣ የትምህርቱም ሥርዓት ተቀይሯል የሚል። ደብዳቤው አጭር ነበር። ለመንግሥት እንደሚጻፈው ሁሉ ከመንግሥትም አጭር ነው የሚጻፈው። ነፃነት ተመርቃ ሐሙሲት ከተማ ሥራ ይዛ በጥየቃ ስትመጣ፣ ይታይሽ ሩዝ መፈተጊያው ገብታ ነበር። ለአባቷም ስለ ትምህርቱ ሲጠይቋት ጤናዬ አይችለውም፣ ይቅርብኝ ትላቸዋለች።

እሳቸው ደግሞ ሌላ ጭንቅ ይዘዋል። ዕዳው አልተሰረዘም ሲባል፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ ሰምተዋል። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት መኪና በሜዳው መንገድ ብቅ ባለ ቁጥር ከብቶቻቸውን እየነዱ ወንድማቸው ቤት ይወስዳሉ። የክትባት መኪና ይሁን፣ የምርጫ መኪና ይሁን፣ አይለዩም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከብት ሲያሸሹ ኖሩ። ይታይሽ ዕዳው በስሜ ነው፣ ባንተ አይመጣም ብትላቸው ልታጽናናኝ ነው እያሉ አያምኗትም። በመጨረሻ ሲሰለቻት ወደ እኔ መጣች። «ጋሼ፣ እርስዎ ያንብቡለት። የጸሐፊ ቃል ያምናል። ስለ እኔ ግን ምንም አይንገሩት» አለች።

ባለፈው ጥር፣ ሩዙ ታጭዶ ሜዳው ገለባ ብቻ በሆነበት ጊዜ ሄድኩ። በእግሬ፣ ጉልበቴ እያመመኝ። ከብት የለም፤ ጠዋት የመብራት ኃይል መኪና አልፎ ኖሮ አሽሽተዋቸዋል። አያ ማረው ያቺኑ ጨርቅ አወጡ። ውሉ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ተቀብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያነበብኩት። ዕዳው የተማሪው ነው፣ ሥራ ይዞ ደመወዝ ሲያገኝ ይከፍላል ይላል። የአሳዳጊ ንብረት አይነካም ይላል። ቃል በቃል አነበብኩላቸው። ትንፋሻቸውን ለቀቁ፣ ትከሻቸው ወረደ። «ተመስገን» አሉ።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት። አፌ ግን ማንበቡን ለምዶ ወደሚቀጥለው ቁጥር አለፈ። ተማሪው በሕመም ያቋረጠ እንደሆነ፣ ይህንኑ በጽሑፍ ሲያስታውቅ ቦታው ይጠበቅለታል፣ ሲድንም በዚሁ ውል ይቀጥላል። ምን እያነበብኩ እንደሆነ መሐሉ ላይ ገባኝ፤ ግን አልቋል፣ ሰምተውታል።

 ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ነው፣ የማያነብቡት ወረቀት ላይ።

«ታማለች ብለን ጽፈን ቢሆን ይጠብቋት ነበር። እንግዲህ ጤናዋ አይደለም የከለከላት» አሉ።

ውሸት ፈልጌ አጣሁ። አይደለም አልኳቸው። ጥፋቱም የእርስዎ ብቻ አይደለም ብዬ ልቀጥል ስል እጃቸውን አነሡ፣ እኔ ያን የገበያ ቀን እንዳደረግሁት።

«እኔስ መሃይም ነኝ፤ ማዳበሪያ መስሎኝ ነው» አሉ። «አንተ ግን ማንበብ ትችል ነበር።»

ከዚያ ለእንግዳው ውሃ ስጡት ብለው በትራቸውን አንሥተው ከብቶቹን ሊመልሱ ወደ ወንድማቸው ቤት ሄዱ።