ለባሌ ቀብር የተቀመጠው ገንዘብ

ስለ ባሌ ልጽፍ ከተቀመጥኩ ሰነበትኩ። አንድ መስመር እጽፍና እነሳለሁ፤ ደጅ ወጥቼ ወደ ቀራንዮ የሚወስደውን መንገድ አይቼ እመለሳለሁ። መቀመጥ ያቃተኝ ያኔ በጣልያን ጊዜ፣ ባሌ ሆዱን ታሞ የተኛ ለታ ነው። አሁንም አልለቀቀኝም።

ባሌ ኮርቻ ሰፊ ነበር። በቃሬዛ አድርገን ከኮልፌ ወደ ከተማው ሐኪም ቤት ወሰድነው። ጣልያኑ ሐኪም ሆዱን ዳስሶ በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረና ሄደ። አስተርጓሚው ወረቀት ይዞ ወደኔ ቀረበ።

«ይሄ ኮንቶ ይባላል፤ ሒሳቡ ነው። የአልጋ፣ የመድኃኒት፣ የኦፕራሲዮን። ሁሉም አስቀድሞ ነው የሚከፈለው።»

«ከታከመ በኋላ ብንከፍልስ?»

«ከታከመ በኋላማ የዳነው ይሄዳል፣ ያልዳነው ይሞታል። ከማን እንቀበላለን?» አለና ፈገግ አለ። «ባልሽ አሲኩራሲዮኔ አለው?»

«ምንድን ነው እሱ?»

«የኩባንያ ሠራተኞች ጤነኛ ሳሉ በየወሩ ያዋጣሉ። ሲታመሙ ይከፈልላቸዋል።»

«እኛም እናዋጣለን» አልኩት። «እድር አለን።»

«እድር ሰው ሲሞት ነው እኮ፣ እቴ።»

በቅሏችንን ሸጥኩ። የአልጋውና የመድኃኒቱ ተከፈለ፣ የኦፕራሲዮኑ ቀረ። እሱ ካልተከፈለ ሐኪሙ እንደማይነካው፣ ካልተነካ ደግሞ እንደማይተርፍ ተነገረኝ። የአስተርጓሚው «ሲሞት ነው» ማለት ግን ከጆሮዬ አልወጣም። በማግስቱ የእድሩ ዳኛ ዘንድ ሄድኩ። ቆዳ ነጋዴ ነው፣ ቃሉን የማያጥፍ ሰው።

«ጋሼ፣ ለባሌ ቀብር የሚወጣውን ገንዘብ አሁን ይስጡኝ። ከሞተ እኔው እቀብረዋለሁ።»

«ሰውዬው በሕይወት እያለ? ምን ዓይነት ሟርት ነው?» አለ። ከዚያ፣ «ብቻዬን አልወስንም። አባላቱ መሰብሰብ አለባቸው። መሰብሰቡን ደግሞ ታውቂዋለሽ» አለኝ።

አውቀዋለሁ። ጣልያን ሰው ተሰብስቦ ማየት አይወድም። ለቀብርና ለለቅሶ ካልሆነ በቀር፣ አስኮ መንገድ ላይ ካለው ኬላ ወታደር መጥቶ ይበትናል። እንግዲህ ባሌ እንዲድን ሌላ ሰው መሞት ነበረበት።

የእድሩን ጥሩምባ መጠበቅ ጀመርኩ። ሐኪም ቤት ደርሼ እመለሳለሁ፤ ጆሮዬን አቁሜ ጓሮና ደጅ እመላለሳለሁ። ጎረቤቴ ሳል የያዛቸው አሮጊት ነበሩ። ጠዋትም ማታም እየሄድኩ «እማማ፣ ሳሉ እንዴት ሆነ?» እላቸዋለሁ።

አንድ ጠዋት ትክ ብለው አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ድሮ እንዲህ አትወጅኝም ነበር። እኔን ነው የምትጠብቂው?»

ልወጣ ወደ በሩ ዞርኩ።

«ገና ነኝ፣ አልሞትልሽም» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ «ወሊሶ የሞተ ወንድም ነበረኝ። መርዶው የደረሰኝ ጣልያን ሊገባ ሲል ነው፤ በዚያ ግርግር በወጉ አላለቀስኩለትም። ነገ ላልቅስለት» አሉ።

በማግስቱ ጥሩምባው ተነፋ። ሴቶቹ እማማ ግቢ ውስጥ እያለቀሱ፣ ወንዶቹ ለስብሰባው ከቤቱ ጀርባ ተቀመጡ። ከኬላው የመጣው ወታደር ለቅሶውን አይቶ ተመለሰ። እኔ ከሴቶቹ ተነስቼ ወደ ጀርባ፣ ከጀርባ ወደ ሴቶቹ እላለሁ።

«ዛሬ ለሆድ ከሰጠን ነገ ለጥርስ ይመጣሉ» ይላል አንዱ።

«የእኔ ጥርስማ ከጀመረ ለማንም አይተርፍም» ይላል ሌላው።

በመጨረሻ ዳኛው አስጠራኝ። «ገንዘቡን ውሰጂ። ባልሽ ግን ከዛሬ ጀምሮ ለእድሩ ሞቷል። ሲሞት ድንኳን የለም፣ ንፍሮ የለም።»

«እሺ» አልኩ።

ባሌ ኦፕራሲዮን ሆኖ ዳነ። ኮርቻውን ሰፋ፣ የሌላውን ሬሳ ተሸከመ። እንዴት ነህ ሲሉት «ቀብሬን እየበላሁ ነው» ይል ነበር። በሁለተኛው ክረምት ሕመሙ ተመለሰበት፤ ሐኪም ቤት ሳንደርስ አረፈ።

ከቀብር ስንመለስ ዝናቡ አላባራም። ሰዉ ደጄ ላይ ቆሞ ይበሰብሳል። ዳኛው ወደኔ ቀረበና፣ «ቃሌን ለአንቺ ካጠፍኩ ለሁሉም ማጠፌ ነው» አለኝ። ምንም እንዳልጠየቅኩት ነገርኩት፤ እውነቴን ነበር።

በዚህ መሐል እማማ ከአጥራቸው ማዶ ተጣሩ። «ዳኛ፣ መርዶ መጥቶብኛል።»

«የማን?»

«የወንድሜ።»

«እሱን አልቅሰናል እኮ።»

«የታናሹ ነው።»

«እማማ፣ ስንት ወንድም ነው ያለዎት?»

«እናቴ ወላድ ነበረች።»

ዳኛው ዝናቡን አየ፣ እኔን አየ። ወደ ወጣቶቹ ዞሮ «ለእማማ ወንድም ድንኳን ይተከል» አለ።

ድንኳኑ እሳቸው ግቢ ተተከለ፤ መሐል ያለውን አጥር ነቅለው መንገድ አበጁልኝ። የሚመጣው ሁሉ እማማን «እግዜር ያጽናዎት» እያለ የእኔን እጅ ይይዛል። እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ከቤቴ ወደ ድንኳኑ፣ ከድንኳኑ ወደ ቤቴ በጭቃው ውስጥ ስመላለስ እማማ ቀሚሴን ያዙኝ።

«ተቀመጪ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ወንድሜን አብረሽኝ አልቅሺው።»

ያኔ ተቀመጥኩ።